ነባር ፖለቲከኞችን ለምን ማመን አቃተን? ጥያቄና መልስ

መራጩ ነባር ዕጩዎችን ለምን ፊት እንደነሳ፣ ስለ ፖለቲከኞች ሥነ ምግባርም ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰው በፖለቲከኞች እምነት ያጣው በማኅበራዊ ሚዲያ ምክንያት ነው ይባላል። ትስማማለህ?

አልስማማም። ማኅበራዊ ሚዲያ ነገሩን አባብሶት ይሆናል እንጂ መነሻው እሱ አይደለም። አሜሪካን እንይ። በ1964 መንግሥታቸው ብዙውን ጊዜ ትክክለኛውን ነገር እንደሚያደርግ የሚያምኑት ከአራት ሰው ሦስቱ ያህል ነበሩ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ቁጥሩ ወደ ሩብ ገደማ ወረደ። ያኔ ፌስቡክም ቲክቶክም የለም።

በመሃል የሆነው ይታወቃል። መንግሥት ስለ ቬትናም ጦርነት ሕዝቡን ሲያታልል እንደኖረ በ1971 የወጡት የፔንታገን (የመከላከያ ሚኒስቴሩ) ሰነዶች አጋለጡ። ቀጥሎ ዋተርጌት የተባለው ቅሌት መጣ። ሰኔ 1972 የተፎካካሪውን የዴሞክራቶች ፓርቲ ቢሮ ሰብረው የገቡ፣ ከኒክሰን የምርጫ ዘመቻ ጋር የተያያዙ ሰዎች ተያዙ፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ምርመራውን ለማስቆም ሲመክር የተቀዳው ድምፅ ከሁለት ዓመት በኋላ ወጣ፤ ነሐሴ 1974 ሥልጣን ለቀቀ። አንድ ወር ሳይሞላ ተተኪው ጄራልድ ፎርድ ሙሉ ምሕረት አደረገለት። የቅርብ ረዳቶቹ እስር ቤት ሲገቡ አለቃቸው ግን አንድም ቀን ሳይታሰር ቀረ። ፎርድ አገሪቱ እንድትረጋጋ ብዬ ነው ብሏል፤ ሊሆን ይችላል። ሰው ግን ሕግ ከላይ ላለው እንደማይሠራ በዓይኑ አየ፤ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ በቀላሉ አይረሳም።

ጥያቄ፦ ሂላሪ ክሊንተን በ2016 የተሸነፈችው በሐሰት ወሬ ነው ወይስ እውነትም የሥነ ምግባር ችግር ነበረባት?

ሁለቱም ነበሩ፤ ግን ለየብቻ መታየት አለባቸው። ክሊንተንና ሰዎቿ በአንድ ፒዛ ቤት ሕፃናት አግተዋል የሚለው ዓይነት ወሬ ፍጹም ፈጠራ ነው። ይህን ያመነ ሰው መሣሪያ ይዞ ፒዛ ቤቱ ድረስ ሄዶ ተኩሷል።

የኢሜይሉ ጉዳይ ግን ፈጠራ አይደለም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆና የመንግሥት ሥራን በራሷ የግል የኢሜይል ሰርቨር (ኮምፒውተር) ስትሠራ ነበር። የኤፍ ቢ አይ ዳይሬክተር የነበረው ጄምስ ኮሚ ከፍተኛ ግድየለሽነት ነው፣ ለክስ ግን አያበቃም አለ። ምርጫው ሊካሄድ 11 ቀን ሲቀረው ደግሞ ጉዳዩን መልሶ አነሳው።

ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው የንግግር ክፍያው ነው። በ2013፣ ከሥልጣን እንደወረደች፣ ለጎልድማን ሳክስ ባንክ ሦስት ንግግር አድርጋ 675 ሺህ ዶላር ተከፍሏታል። በፓርቲዋ ውስጥ ለዕጩነት የተፎካከራት በርኒ ሳንደርስ የተናገርሽውን አሳዪን ብሎ ደጋግሞ ጠየቃት፤ እምቢ አለች። በኋላ ከዘመቻዋ ሊቀመንበር ኢሜይል ተሰርቆ ሲወጣ፣ ፖለቲከኛ አንድ የአደባባይ አንድ የጓዳ አቋም ያስፈልገዋል የምትልበት ቦታ ተገኘበት። ሕግ አልጣሰችም። ጉቦ ስለመቀበሏም ማስረጃ የለም። ነገር ግን ነገ ባንኮችን ትቆጣጠራለች የተባለች ሰው ትናንት ከባንክ ይህን ያህል ገንዘብ ከወሰደች፣ መራጩ ለማን እንደምትቆም ቢጠይቅ ምን ጥፋት አለበት? የጥቅም ግጭት ማለት ይኸው ነው። ጉቦ ባይኖርም ጥርጣሬው ምክንያት አለው፤ ጥርጣሬውን ማጥፋት ያለበትም ሥልጣን ፈላጊው ነው እንጂ መራጩ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ፕሬዚዳንቱን የሚወስነው የየክፍለ ግዛቱ ውጤት ስለሆነ ተሸነፈች እንጂ፣ በጠቅላላው የሕዝብ ድምፅ በ2.9 ሚሊዮን ገደማ በልጣለች። ስለዚህ ሕዝቡ ተፋት የሚለው አባባል ልክ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሕግ ካልተጣሰ ታዲያ ምን አገባን?

ያገባናል። ሕጉን የሚያወጡት ራሳቸው ናቸው እኮ!

የእንግሊዝ ፓርላማን የ2009 ቅሌት ተመልከት። አባላቱ ለወጪያቸው ያቀረቡት ሒሳብ ዝርዝር ሾልኮ ጋዜጣ ላይ ወጣ። አንዱ በኩሬው ላይ ለምትንሳፈፍ የዳክዬ ቤት 1,645 ፓውንድ ጠይቋል። ጥያቄው ውድቅ ተደርጎበታል፤ ግን ጠይቋል። ብዙዎቹ ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነበር፦ ደንቡ ይፈቅዳል። በሐሰተኛ ሒሳብ የታሰሩት ጥቂት ናቸው፤ ሕዝቡን ያንገበገበው ግን ያ «ደንቡ ይፈቅዳል» ነው። አፈ ጉባኤው ሳይቀር ተገፍቶ ወንበሩን ለቀቀ። እንዲህ ያለ ነገር ከ1695 ወዲህ አልታየም ነበር።

እኛ ዘንድ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። ይህን ተረት አልወደውም። ሹመትን የግል እህል ውኃ አድርጎ ያሳያል፤ የሚበላው የማን እንደሆነ አይናገርም።

ጥያቄ፦ እኔ ከእንግዲህ የምመርጠው ፖለቲካ ያልነካካው አዲስ ሰው ብቻ ነው። ተሳሳትኩ?

ስሜትሽ ይገባኛል፣ ግን ተጠንቀቂ። ጓቲማላ በ2015 ይህንኑ አደረገች። ፕሬዚዳንቷ በጉምሩክ ሙስና ተጠርጥሮ ሥልጣን ለቀቀ። ሕዝቡ «ሙሰኛም ሌባም አይደለሁም» እያለ የተወዳደረውን ኮሜዲያን ጂሚ ሞራሌስን መረጠ። በተባበሩት መንግሥታት የሚደገፈው የፀረ ሙስና ኮሚሽን በ2017 የሞራሌስን የምርጫ ዘመቻ ገንዘብ መመርመር ሲጀምር ግን ሰውዬው የኮሚሽኑን ኃላፊ ከአገር ይውጣልኝ አለ። ትእዛዙን ፍርድ ቤት አገደው። ቆይቶ የኮሚሽኑን ውል አላድስም አለና በ2019 ተዘጋ። ለዓመታት የተለፋበት ተቋም እንዲህ ቀረ። በጣም ያሳዝነኛል።

ጣሊያንም እንደዚያው። በ1992 ሚላን ውስጥ የአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ኃላፊ ከጽዳት ድርጅት ባለቤት 7 ሚሊዮን ሊሬ ጉቦ ሲቀበል እጅ ከፍንጅ ተያዘ። ክሩ ሲሳብ ሲሳብ ነባሮቹን ፓርቲዎች አፈረሳቸው። በ1994 ነጋዴው ቤርሉስኮኒ አዲስ ሰው ነኝ ብሎ መጥቶ አሸነፈ። በ2013 እሱ ራሱ በታክስ ማጭበርበር የመጨረሻ ፍርድ ተፈረደበት።

ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል እያልኩሽ አይደለም። አዲስ ሰው ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ግን ንጹሕ ነው የምንለው ስለፈተሽነው ነው ወይስ ገና ስላልተፈተነ? የሥልጣን ታሪክ ከሌለው ንግዱን፣ ግብሩን፣ አብረውት የሠሩትን ሰዎች ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ሁለቱም ዕጩ መጥፎ ከሆኑስ? ቤቴ ብቀመጥ አይሻልም?

ድምፅ መስጠት ለዕጩው ምርቃት መስጠት አይደለም። በ1991 በሉዊዚያና ለአገረ ገዥነት የቀረቡት ሁለቱ፣ በሙስና ስሙ የሚነሳው ኤድዊን ኤድዋርድስና ኩ ክላክስ ክላን የተባለው የነጭ ዘረኞች ቡድን መሪ የነበረው ዴቪድ ዱክ ነበሩ። ሰዎች «ሌባውን ምረጡ፤ ጉዳዩ ከባድ ነው» የሚል ጽሑፍ መኪናቸው ላይ ለጥፈው ይነዱ ነበር። ኤድዋርድስ ከ60 በመቶ በላይ አግኝቶ አሸነፈ። በ2000 ደግሞ በሙስና ጥፋተኛ ተብሎ ለዓመታት ታሰረ። እኔ መራጮቹም ፍርድ ቤቱም ልክ ነበሩ እላለሁ። ዛሬ የመረጥከውን ሰው ነገ መክሰስ ትችላለህ።

መቅረት ግን ዋጋ አለው። በ2000 የአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የተወሰነው በፍሎሪዳ በ537 ድምፅ ልዩነት ነው።

ጥያቄ፦ ቃሉን ያፈረሰ ፖለቲከኛ ሁሉ ዋሾ ነው?

አይደለም። ጥምር መንግሥት ሲመሠረት ወይም ካዝናው ባዶ ሆኖ ሲገኝ ቃል ይታጠፋል። በይፋ ፈርመው የገቡትን ቃል ማጠፍ ግን ሌላ ነው። በ2010 የእንግሊዝ ሊበራል ዴሞክራቶች የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ሲጨመር እንቃወማለን ብለው ወረቀት ላይ ፈረሙ፤ የፈረሙበትን ይዘው ፎቶ ተነሡ። በዚያው ዓመት ጥምር መንግሥት ውስጥ ገብተው ጣሪያው ወደ 9,000 ፓውንድ፣ ሦስት እጥፍ ገደማ፣ ከፍ እንዲል ከምክር ቤት አባሎቻቸው ግማሽ ያህሉ ድምፅ ሰጡ። በ2015ቱ ምርጫ ከ57 ወንበር 8 ቀራቸው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚለው አባባል የገባው መራጭ እንዲህ ይቀጣል።

ጥያቄ፦ አንድን ዕጩ ስትመዝን መጀመሪያ ምን ታያለህ?

ገንዘቡን። ከማን ተቀበለ፣ መቼ፣ ከዚያ በኋላ በምን ጉዳይ ላይ ድምፅ ሰጠ? ቀጥሎ የራሱ ፓርቲ ሰው ሲያጠፋ ምን እንዳለ አያለሁ። የተቃዋሚን ሌባ ማውገዝ ቀላል ነው።

«ሁሉም ያው ናቸው» የሚለውን ግን አልቀበልም። ሁሉም ያው ከሆኑ እኮ አንዱን ከሌላው ለይቶ መጠየቅ አያስፈልግም ማለት ነው። ይህ ደግሞ የሚመቸው በጣም ለበላው ነው።

ጥያቄ፦ ፓርቲዎች የጠፋውን እምነት መመለስ ይችላሉ?

በቃል ሳይሆን ሥልጣናቸውን ራሳቸው ሲቀንሱ ይችላሉ። በ2016 የፓርቲ ሹማምንት ለክሊንተን አድልተዋል የሚል ቅሬታ ከሳንደርስ ደጋፊዎች ከተነሳ በኋላ የአሜሪካ ዴሞክራቶች በ2018 የፓርቲ ሹማምንት በዕጩ ምርጫው የመጀመሪያ ዙር ውጤቱን ሊቀይር የሚችል ድምፅ እንዳይሰጡ ደንብ አወጡ። ፈረንሳይ ውስጥ የ2017ቱ ዋና ተፎካካሪ ፍራንሷ ፊዮን ሚስቱን በምክር ቤት ረዳትነት ቀጥሮ ሳትሠራ አስከፍሏታል ተብሎ በምርጫው ሦስተኛ ወጣ፤ በዚያው ዓመት የምክር ቤት አባላት ሚስትና ልጆቻቸውን እንዳይቀጥሩ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ሁለቱም የመጡት ሰው ስለጮኸ ነው፤ የጮኸውም ይህ ይስተካከል ብሎ ነገሩን ለይቶ ነበር።