ሰማንያ ወር በአንድ በትር ላይ?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ። በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው በራፓ ኑይ (ኢስተር) ደሴት ስለተገኘው ሮንጎሮንጎ ስለሚባለው ያልተፈታ ጽሕፈት ሳነብ፣ «የሳንቲያጎ በትር» በሚሉት እንጨት ላይ 2320 ያህል ምልክቶች መቀረጻቸውን አየሁ። ለ29 ባካፍለው ልክ 80 መጣልኝ፤ ቀሪ የለውም። በትሩ የ80 ወር የጨረቃ መዝገብ ነው ብል ተሳሳትኩ?

መልስ፦ ሒሳብዎ አንድም አልተዛነፈም። ደብዳቤዎን ሳነብ እኔም ወረቀት አንስቼ አካፈልኩት፤ ሰማንያ ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲወጣ ሰውነት እንደሚሞቅ አውቃለሁ፤ ደርሶብኛል።

አሁን ግን ያንኑ 2320 ለ116 ያካፍሉልኝ። ልክ 20 ይመጣል፤ ይሄም ቀሪ የለውም። 116 ቀን ደግሞ ሜርኩሪ ከምድር ሲታይ በፀሐይ አጠገብ የሚያደርገውን ጉዞ አንድ ጊዜ የሚጨርስበት ጊዜ ነው። የቬነስን 584 ቀን ወስደው በ4 ቢያባዙት 2336 ይሆናል፤ ከበትሩ ጋር የሚለያየው በ16 ብቻ ነው። እንግዲህ ከአንድ እንጨት ጨረቃም፣ ሜርኩሪም፣ ቬነስም ወጡ። የትኛውን እንመን? በሰማይ ላይ ዑደት ሞልቷል፤ ቁጥር ደግሞ ለጠራው ሁሉ አቤት ይላል።

ሁለተኛው ችግር ከራሷ ከጨረቃ ነው። ወሯ ድፍን 29 ቀን አይደለም፤ በአማካይ 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ነው። ሰማንያ እውነተኛ የጨረቃ ወር ወደ 2362 ቀን ይመጣል። እርስዎ ያገኙት መዝገብ ከዚያ 42 ቀን ያንሳል። ጨረቃን በየማታው ቀና ብሎ የሚያይ ሰው አንድ ወር ከምናምን እስኪያልፈው ተኝቶ አይጠብቅም፤ በሦስተኛው በአራተኛው ወር ላይ ቆጠራው ከሰማዩ ጋር እንዳልገጠመ ይነቃበታል።

ሦስተኛው ነው ዋናው፤ 2320 ራሱ ከየት መጣ? በሮንጎሮንጎ ምልክቶች ይጣበቃሉ። የሰው ቅርጽ ቆሞ በእጁ ሌላ ነገር ይይዛል፤ የወፍ ጭንቅላት በዓሣ አካል ላይ ይገባል። ያ አንድ ነው ወይስ ሁለት? ጀርመናዊው ቶማስ ባርቴል ምልክቶቹን ሲመዘግብ ወደ 600 የሚሆን ኮድ ሰጣቸው። ሩሲያውያኑ ተመራማሪዎች ኮንስታንቲንና ኢጎር ፖዝድንያኮቭ ደግሞ መሠረታዊዎቹ 52 ናቸው ብለዋል። በዚህ መጠን የሚለያዩ ሰዎች ያንኑ በትር ቢቆጥሩ አንድ ድምር ላይ ይደርሳሉ ብዬ አልጠብቅም።

የራሴን ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት ሮንጎሮንጎ ከተቀረጸባቸው የእንጨት ሰሌዳዎች ከአንዱ አንድ መስመር በእርሳስ ገልብጬ ምልክቶቹን ስቆጥር 29 መጣልኝ። በቀይ አሰመርኩበት። በማግስቱ ደግሜ ብቆጥር 31 ሆነ። ነገሩን ስመረምረው፣ ሁለት የሰው ቅርጾች በእጃቸው የያዙትን ነገር የመጀመሪያ ቀን የእጁ አካል አድርጌዋለሁ፤ በማግስቱ ራሱን የቻለ ምልክት ብዬዋለሁ። እንጨቱ አልተለወጠም። እኔ ነኝ በመጀመሪያው ቀን 29 የፈለግሁት።

በትሩ ላይ መቁጠር ካማረዎ ግን አንድ ነገር ልጠቁምዎ። ከሌሎቹ ሰሌዳዎች የሚለየው ጽሑፉን እኩል ባልሆነ ርቀት የሚከፋፍሉ 103 ቀጥ ያሉ ሰረዞች ስላሉት ነው። እነዚያን የቀረጸው ሰው ራሱ ነው ያስገባቸው። ሰሪው ያሰመረውን ክፍፍል መመርመር እኛ ካመጣነው አካፋይ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ማማሪ የሚባለው ሰሌዳ ላይ የጨረቃ አቆጣጠር እንዳለ ሁሉም ይስማማል ይባላል። እሱስ በቆጠራ የተገኘ አይደለም? ለምን አንዱ ይታመናል፣ ሌላው ይጣላል?

መልስ፦ ጥሩ ይዘውኛል። ቆጠራ ነው፤ ግን ምስክር ያለው ቆጠራ ነው።

ማማሪ 29 ሴንቲ ሜትር በ19.5 ሴንቲ ሜትር የሆነች፣ በሁለቱም ገጽ የተጻፈባት የእንጨት ሰሌዳ ናት። ሮም ውስጥ በአንድ የካቶሊክ ማኅበር እጅ ነው ያለችው። በአንዱ ገጽ ከ6ኛው እስከ 9ኛው መስመር ድረስ ማጭድ የመሰሉ ጨረቃዎች ተደርድረዋል፤ መሐል ላይ ደግሞ የተቀመጠ ሰው የመሰለ ቅርጽ አለ። ባርቴል ይህ የጨረቃ ወር ነው ብሎ እ.ኤ.አ. በ1958 አሳተመ።

ምስክሩ የመጣው ከሌላ በኩል ነው። ዊሊያም ቶምሰን የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሒሳብ ሹም እ.ኤ.አ. በ1886 ደሴቲቱ ላይ ሳለ የወሩን ሌሊቶች ስም ከሰው አፍ ጽፎ ወስዷል። ከእሱ በኋላም ሌሎች ጽፈዋል። ዝርዝሩ ቋሚ የሆኑ 28 ሌሊቶችና እንዳስፈላጊነቱ የሚገቡ ሁለት፣ ሆቱ እና ሂሮ፣ አሉት። ወሩ አንዳንዴ 29 አንዳንዴ 30 የሚሆነው በእነዚህ ነው። የሙሉ ጨረቃዋ ሌሊት ኦሞቶሂ ትባላለች። በደሴቲቱ ወግ ሙሉ ጨረቃ ላይ የምትታየው አሮጊት ናት፤ ሰማይ ላይ የመሬት ምድጃዋን ታቀጣጥላለች። ሰሌዳው መሐል ላይ ያለው የተቀመጠ ቅርጽ ይህችው አሮጊት ናት ተብሎ ይታመናል፤ የምትገኘውም ኦሞቶሂ ልትሆን በሚገባት ቦታ ላይ ነው።

እኔን ያሳመነኝ ግን ዓሣው ነው። ጨረቃዎቹን የሚከፋፍል አንድ ሐረግ ስምንት ጊዜ ይደጋገማል፤ በውስጡ በክር የተንጠለጠለ ዓሣ አለ። ከአሮጊቷ በፊት ባሉት አራቱ የዓሣው ጭንቅላት ወደ ላይ ነው። ከእሷ በኋላ ባሉት አራቱ ወደ ታች ይዘቀዘቃል። ጨረቃ ስትሞላ ሽቅብ፣ ስትጎድል ቁልቁል። ይህን ያለ ምንም ማካፈልና ማባዛት በዓይን ማየት ይቻላል።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፤ እኔ ወድቄበታለሁ። ሮንጎሮንጎ የሚነበበው ከታች ከግራ ተነሥቶ ነው። መስመሩ ሲያልቅ ሰሌዳው ላዩ ታች እስኪሆን ዞሮ ቀጣዩ ይነበባል። ስለዚህ ፎቶውን ቀጥ አድርጎ ለያዘ ሰው አንዱ መስመር በእግሩ፣ ተከታዩ በጭንቅላቱ የቆመ ነው። እኔ በስስ ወረቀት ስገለብጥ ወረቀቱን አላዞርኩም። ግማሾቹ ዓሦች ጭንቅላታቸው ወዳልተባለው ዞረብኝ። ኅዳጉ ላይ «ባርቴል ተሳስቷል» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ወረቀቱ ዛሬም አለ፣ ማንም ሰው አላሳየሁትም።

ጨረቃዎቹንም ሲያዩ ደሴቲቱ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ፣ 27 ዲግሪ ላይ መሆኗን አይርሱ። እዚያ ወደ ሰሜን ዞሮ ለሚያይ ሰው አዲሷ ጨረቃ የምትበራው በግራ ጎኗ ነው። ማጭዱ ወደየት ዞረ ብሎ «ይህች የምትጎድል ናት» ማለት ከሰሜን የመጣን ሰው ያሳስታል።

ዣክ ጊ የተባለ የቋንቋ ሰው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው ጥናት ከዚህም አልፎ ሄዷል። በእሱ ግምት ሰሌዳው ሌሊቶቹን መዘርዘር ብቻ ሳይሆን ተጨማሪዎቹ ሁለት ሌሊቶች መቼ እንደሚገቡ ጨረቃዋን አይቶ መወሰኛ ደንብም ይዟል። ብልህ ሐሳብ ነው፤ እኔ ግን እንደ ዓሣው አልተጨበጠልኝም። ደግሞም ይህ ሁሉ ሆኖ ማማሪን ማንበብ የሚችል ሰው የለም። ስለ ምን እንደሚያወራ አወቅን፤ ምን እንደሚል አይደለም።

ጥያቄ፦ ሮንጎሮንጎ ውስጥ አሃዝ አለ? አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የሚሉ ምልክቶች ማለቴ ነው።

መልስ፦ አሃዝ ነው ተብሎ የተረጋገጠ ምልክት የለም። ቋንቋው ግን ቁጥር አለው፤ ታሂ፣ ሩአ፣ ቶሩ፣ ሃ፣ ሪማ፣ ኦኖ እያለ እስከ ስድስት ይሄዳል፣ ከዚያም ይቀጥላል። ከወሩ ሌሊቶች ብዙዎቹ የተጠሩት በእነዚሁ ነው፦ ኮኮሬ ታሂ፣ ኮኮሬ ሩአ፣ ኮኮሬ ቶሩ። ከሙሉ ጨረቃ በፊት እስከ ስድስት፣ ከእሷ በኋላ ደግሞ እንደገና ከአንድ ጀምሮ እስከ አምስት። ማማሪ ላይ ለእነዚህ «ሦስት» ወይም «አምስት» የሚል ነገር አልተጻፈም፤ ጨረቃ በጨረቃ ላይ ነው የተደረደረው። ቆጣሪው አንባቢው ነው።

ጥያቄ፦ የደሴቲቱ ሰዎች ራሳቸው ለምን አላነበቡልንም?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1862 እና 1863 ከፔሩ የመጡ ባሪያ ፈንጋዮች ብዙ ሰው ወሰዱ፤ ከተመለሱት ጥቂቶች ጋር ፈንጣጣ ገባ። ጽሕፈቱን የሚያውቁት ያኔ አለቁ። በኋላ የታሂቲው ጳጳስ ዦሰን ሜቶሮ የተባለ የደሴቲቱን ሰው አስቀምጠው ሰሌዳዎቹን አስነበቡት፤ እሱም እየዘመረ አነበበላቸው። ማማሪ ላይ ሲደርስ ግን ጨረቃዎቹን ከኋላ ወደ ፊት ሄደባቸው፤ ሙሉ ጨረቃዋንም ሳያውቃት አለፋት። አይፈረድበትም፤ ቀና ሰው ነበር ብዬ አስባለሁ፣ የተጠየቀውን እምቢ ማለት ከብዶት ይሆናል።

ጥያቄ፦ ከዋክብትስ? ሰሌዳ ለመገልበጥ ብፈልግስ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ሰዎቹ ከዋክብትን ያውቁ ነበር። ማታሪኪ ብለው የሚጠሩት በተለምዶ ፕልያድስ የሚባለውን የከዋክብት ስብስብ ነው። ታውቶሩ ደግሞ የኦሪዮን መቀነት ነው፤ ቶሩ ሦስት ማለት እንደሆነ ከላይ አይተናል፣ መቀነቱም ሦስት ኮከብ ነው። እንግሊዛዊቷ ተመራማሪ ካትሪን ራውትሌጅ እ.ኤ.አ. በ1914 አካባቢ ደሴቲቱ ላይ ሳለች ከዋክብት ይታዩበት ነበር የተባለ ድንጋይ አሳይተዋታል። በሰሌዳዎቹ ላይ ግን ማታሪኪ ወይም ታውቶሩ መሆኑ የተረጋገጠ ምልክት የለም። ክብ ነገር ባዩ ቁጥር «ፀሐይ» አይበሉ።

ለመገልበጥ ከማማሪ ይጀምሩ፤ መልሱን ግማሹን ስለምናውቀው ስሕተትዎን ራስዎ ይይዙታል። ስስ ወረቀት፣ ለስላሳ እርሳስ፣ ከታች ከግራ። በየመስመሩ ወረቀቱን ያዙሩ። የተጣበቁ ምልክቶች ሲገጥሙዎ ከላያቸው ነጥብ ያድርጉ፤ ከዚያ መስመሩን ሁለት ጊዜ ይቁጠሩ፣ አንዴ ነጥብ ያለበትን አንድ ብለው፣ አንዴ ሁለት ብለው። ሲልኩልኝ ሁለቱንም ቁጥር ይላኩ።