«ያ እሳት የት ሄደ?»

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

ታክሲ ሹፌር ነኝ፤ ከሜክሲኮ ጀሞ ነው የምሠራው። ድሮ ጫትና መጠጥ ውስጥ ነበርኩ። አምና ጓደኛዬ ጎትቶ የፍልሰታን ሱባኤ አስገባኝና፣ ምን ልበልዎት፣ ሌላ ሰው ሆኜ ወጣሁ። ንስሐ ገባሁ፣ ቀኖናዬን ፈጸምኩ፣ ቆረብኩ። ያን ሰሞን ኪዳን አያመልጠኝም፣ ስጸልይ እንባዬ ይቀድመኛል። ጫቱን እስከ ዛሬ አልነካሁትም፣ ተመስገን።

ችግሩ ሌላው ነው። ባለፈው ሳምንት ረዳቴ መልስ አሳስቶ ከተሳፋሪ ጋር ሲጨቃጨቅ፣ እናቱን ጠርቼ ሰደብኩት። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ የእመቤታችን ሥዕል ፊት ለፊቴ ተንጠልጥሎ! ተራ ላይ ያሉት ሹፌሮች «ቄሱ ተነሳበት!» ብለው ሳቁብኝ። ጸሎቱንም አሁን አፌ ብቻ ነው የሚለው፣ ልቤ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ነው። ያኔም የተለወጥኩ መስሎኝ እንጂ ስሜት ብቻ ነበር እንዴ? ፍልሰታን ጠብቄ እንደ አዲስ ልጀምር? የንስሐ አባቴንም ከፋሲካ ወዲህ እየሸሸኋቸው ነው።

ሹፌሩ

ወንድሜ፣

ፍልሰታን አትጠብቅ። እስከዚያ ድረስ ረዳትህ ምን ሊሆን ነው?

ስሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ ምርቃናው ናፍቆህ በወሩ ትመለስ ነበር። አሁን ግን እሳቱ እንዲመለስ ቁጭ ብለህ እየጠበቅክ ይመስለኛል፣ መመለስ ያለብህ ደግሞ አንተ ነህ።

ሰኔ 24 የምናስበው ሙሴ ጸሊም የወንበዴዎች አለቃ ነበር። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ አስቄጥስ ገዳም ገብቶ መነኮሰ። ታሪኩን ስንተርክ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ እናቆማለን፤ ሽፍታው መነኮሰ፣ አለቀ። ከመነኮሰ በኋላ ግን የድሮው ምኞት ለዓመታት እንቅልፍ ነስቶታል፣ ተስፋ እየቆረጠ ወደ መንፈሳዊ አባቱ ወደ አባ ኤስድሮስ ይሄድ ነበር። አንድ ቀን አባ ኤስድሮስ ሰገነት ላይ አውጥተው ጎሕ ሲቀድ አሳዩት፤ ጨለማው በአንዴ አይሸሽም፣ ብርሃኑም ቀስ እያለ ነው የሚመጣው አሉት። ልብ በል፣ ሙሴ ሲከብደው ወደ አባቱ ሮጠ። አንተ ከአባትህ ሸሸህ።

ጌታችንም መስቀሉን «ዕለት ዕለት» ተሸክሞ ይከተለኝ ነው ያለው (ሉቃ 9፥23)። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቀደሱ ሽማግሌ ካህንም እኮ ዛሬም «እግዚኦ ተሣሃለነ» ይላሉ፣ ትናንት ብያለሁ ብለው አይዘሉትም።

ስለ ጸሎቱ፦ ሙሉ ዳዊት ልድገም ብለህ ራስህን አታስጨንቅ። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ቀን የተከፋፈለ ነው፤ የሰኞውን ሰኞ፣ ሞተር ሳታስነሳ በል። ልብህ ነዳጅ ሰልፍ ከሄደም ስለ ነዳጁ ለእግዚአብሔር ንገረው። እንባ አልመጣም? አይምጣ። እንባ ባለበት ቀን መጸለይማ ማን ያቅተዋል?

ንስሐ አባትህ ዘንድ በዚህ ሳምንት ሂድ። «ጫቱን አልነካሁም፣ ግን ሰው ሰደብኩ» በላቸው፤ ከዚህ የባሰ ስንት ሰምተዋል። ስለ ቁርባን እሳቸው ይወስኑ፣ የእኔ ሥራ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ረዳትህ ነው። እኛ ሰዎች ስንባል መቶ ስግደት አይከብደንም፣ ለሰደብነው ልጅ ግን አንዲት «ይቅርታ» ታንቀናለች። መባህን ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ተብሏል እኮ (ማቴ 5፥23-24)። ስለዚህ ነገ ተራ ስትይዙ፣ ሰው ፊት እንደሰደብከው ሰው ፊት ይቅርታ ጠይቀው፤ «ተናድጄ ነው» የምትለዋን ግን ተዋት። ሹፌሮቹ እንደገና ከሳቁ ይሳቁ። ከነገ ወዲያ ደግሞ ትናደድ ይሆናል፤ ያኔም ያው ነው፣ ሳይመሽ ጠይቀው። የጎደለውንም መልስ ከልጁ የቀን ሒሳብ እንዳትቆርጥ።