አዲሱን ከመክፈታችሁ በፊት ማውሱን ንቀሉት

ልጆች፣ እኔ ዌብሳይት መሥራት የጀመርኩት አንዲት የአማርኛ ርዕስ ለመጻፍ ፎቶሾፕ በሚከፈትበት ዘመን ነው። አትሳቁ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ ሰንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)፤ ከዚያም በኋላ ፎንቱ በየኮምፒውተሩ ስላልነበረ ጽሑፉን እንደ ሥዕል እንለጥፈው ነበር። ስለ ማሳመር የማስተምራችሁ ነገር የለኝም፤ በዚያ ትበልጡኛላችሁ። የምነግራችሁ አሳምሬ ስላበላሸሁት ሥራ ነው።

የአንድ መሥሪያ ቤት ዌብሳይት እንድናድስ ተሰጠን። ስሙ ይቅር። አሮጌው ያስጠላል፤ ሰማያዊ ሊንክ፣ ግራጫ በተን፣ በቃ። እኛ አዘመንነው። "ቀጥል" የሚለውን በተን በዲቭ ሠራነው፤ ዲቭ ኮዱ ላይ ባዶ ሳጥን ነው እንጂ በተን አይደለም። ኪቦርዱ ላይ ታብ ሲጫኑ የት እንደደረሱ የሚያሳየውን መስመር "አስቀያሚ ነው" ብለን አጠፋነው። የየሳጥኑን ስም ከላይ አንስተን ሳጥኑ ውስጥ በፈዛዛ ግራጫ ወሸቅነው። ኃላፊዎቹ አጨበጨቡልን።

በሳምንቱ አንድ ጠበቃ ደወሉ። ዓይነ ስውር ናቸው። "ወንድሜ፣ ድሮ ራሴ ነበርኩ የምሞላው፣ አሁን ልጄን እየለመንኩ ነው" አሉኝ። እውነቱን ለመናገር የኢንተርኔት ችግር መስሎኝ ነበር። ቢሯቸው ሄድኩ።

የሚጠቀሙት ኤንቪዲኤ የሚባለውን ስክሪን ሪደር ነው፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፤ በነጻ ይገኛል፣ በ2006 ዓይነ ስውራን አውስትራሊያውያን የጀመሩት ነው። ኤች ሲጫኑ ከርዕስ ርዕስ ይዘላል፣ ታብ ሲጫኑ ከሳጥን ሳጥን። አሮጌውን ገጽ ጣታቸው አጥንቶት ነበር፦ ሁለት ጊዜ ኤች፣ አራት ጊዜ ታብ፣ ኢንተር። አዲሱ ላይ ኤች ተጫኑ፤ ርዕስ የለም አላቸው፤ ምክንያቱም እኛ ፊደሉን አገዘፍነው እንጂ ኮዱ ላይ ርዕስ ነው አላልንም። ታብ ተጫኑ። "በተን" አለ። ደገሙት። "በተን"። አሁንም "በተን"። የምን በተን? ሥዕል ብቻ አስቀምጠን ስም አልሰጠነውማ! "ቀጥል" ላይ ደግሞ ጭራሽ አይቆምም፣ ዘሎት ያልፋል። ያቀረቡልኝ ቡና እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ለሚያይ ሰው አዲስ ዲዛይን የአንድ ቀን መደናገር ነው። ለሳቸው ግን በሩ ራሱ ነው የጠፋው፣ ያውም በኛ "ማሻሻያ"።

ስለዚህ አዲሱን ከመክፈታችሁ በፊት ማውሱን ንቀሉትና በኪቦርድ ብቻ ፎርሙን እስከ መጨረሻው ሙሉት። ቀጥሎ ኤንቪዲኤን ጫኑና ስክሪኑን አጥፍታችሁ ሞክሩት። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ ታፍራላችሁ ግን። የሚያውቅ ተጠቃሚ ካገኛችሁ ደግሞ ከፍላችሁ አስፈትኑት፤ በነጻ አገልግሉን አትበሉ።

ሌላው የቀለም ነገር ነው። የዓለም አቀፉ የዌብ መመሪያ ተራ ጽሑፍ ከጀርባው ጋር ቢያንስ 4.5 ለ 1 የብርሃን ልዩነት ይኑረው ይላል። የኛ ግራጫ 2.85 ነበር። ብቻችንን አይደለንም፦ ዌብሳይቶች ለአካል ጉዳተኞች መመቸታቸውን የሚፈትሸው ዌብኤይም በ2024 የአንድ ሚሊዮን ዌብሳይቶችን መነሻ ገጽ ፈትሾ 95.9 በመቶው ላይ ስህተት አግኝቷል፤ በብዛት አንደኛው ይኸው ፈዛዛ ጽሑፍ ነው።

የኛ ሰፈር ጉድ ደግሞ አለ። ገጹ ሙሉ በሙሉ አማርኛ ሆኖ፣ ከቴምፕሌቱ የመጣው ኮድ ቋንቋውን "እንግሊዝኛ" ይላል። ከኤንቪዲኤ ጋር የሚመጣው የንባብ ድምፅ፣ ኢስፒክ፣ አማርኛ ማንበብ እየቻለ ፊደላችንን በእንግሊዝኛ ድምፅ እንዲታገል እናደርገዋለን። አንዲት ቃል መቀየር ነው እኮ! ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ስካን አድርጎ እንደ ማስታወቂያ መለጠፍም አልቀረም፤ ለስክሪን ሪደሩ ያ ሥዕል እንጂ ጽሑፍ አይደለም፤ እኛ በሥዕል የለጠፍነው ፎንት አጥተን ነበር፣ የዛሬው ምን አጥቶ እንደሆነ እንጃ።

"ደንበኛው አልጠየቀንም" የምትሉኝ ይመስለኛል። እኛም ያልነው ይህንኑ ነው። ኢትዮጵያ በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ግን አንቀጽ 9 ላይ ኢንተርኔትን በስሙ ጠርቶታል። ደንበኛው ባያውቅ እናንተ ንገሩት።

የኛን ስህተት ለማረም ሁለት ቀን በቃን። እውነተኛ በተን፣ እውነተኛ ርዕስ፣ ጠቆር ያለ ፊደል። ጠበቃው ደወሉ። "አሁን ራሴ ሞላሁት" አሉ፣ ከዚያ ሳቅ ብለው፣ "ልጄ ግን ግራጫው ይሻል ነበር ትላለች።"