የክላስተር ግሩፑ ወደ ዋናው ሰርቨር በራሱ አልመለስ ላለህ

ክላስተር ማለት አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሥራውን የሚረከብ የሰርቨሮች ስብስብ ነው፤ ግሩፑ ደግሞ አብሮ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዛወረው አገልግሎት ነው። የማይመለሰው ዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ፌይልባክ (ዋናው ሰርቨር ሲነሣ ግሩፑ ወደ እሱ መመለሱ) ከመጀመሪያው ዝግ ስለሆነ ነው። የግሩፑን ፕሮፐርቲስ ክፈት። ጀነራል ታብ ላይ ፕሪፈርድ ኦውነርስ ከሚለው ዋናውን ሰርቨር ምረጥ፤ ካልመረጥክ ወዴት እንደሚመለስ አያውቅም። ከዚያ ፌይልኦቨር ታብ ላይ "አላው ፌይልባክ" የሚለውን ምረጥ።

"ኢሚዲየትሊ" (ወዲያውኑ ይመለስ) የሚለውን ግን ተወው። እዚህ ድሬ መብራት ሄድ መጣ ባለ ቁጥር ግሩፑም አብሮ ወዲያ ወዲህ ይላል። የሰዓት ገደብ ስጠው።

ሰዓቱ ታዲያ በፈረንጅ ነው! እኔ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 እንዲመለስ ብዬ 8 እና 10 ሞላሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ሥራ ሲጀምር፣ ግሩፑ ተነሥቶ ሄደ። የሁሉም ግንኙነት ተቋረጠ፤ ስልኬ አላስቀምጥ አለኝ። መሙላት የነበረብኝ 2 እና 4 ነበር።