ከቤት ሆናችሁ ስልክ ልታነሱ ላሰባችሁ ልጆች

ልጆቼ ሰላም ለናንተ ይሁን። ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደውላ «አክስቴ ከቤት ሆኜ ለአሜሪካ ቢሮዎች ሪሴፕሽን ልሰራ ነው፣ ምን ትመክሪኛለሽ» አለችኝ። እኔ መጀመሪያ ሀገር ቤት ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ቆሜ፣ ከዛ እዚህ ሜሪላንድ ከመኝታ ቤቴ ጥግ ሆኜ ለጠበቃ፣ ለጥርስ ሀኪም፣ ለቧንቧ ሰራተኛ ስልክ ሳነሳ ነው እድሜዬን የጨረስኩት፣ እና ለሷ ያልኳትን ለናንተም ልጻፈው ብዬ ነው።

ስራው እንዲህ ነው፣ ትንሽ ቢሮ ሙሉ ቀን ሪሴፕሽን መቅጠር ስለሚከብደው ጥሪውን ወደ አንድ ድርጅት ያዞረዋል፣ ድርጅቱ ደግሞ ወደናንተ። ስልኩ ሲጠራ የማን ቢሮ እንደሆነና ምን ብላችሁ እንደምታነሱ ስክሪኑ ላይ ይመጣል፣ አሁን የጠበቃ ቢሮ ናችሁ ከሶስት ደቂቃ በኋላ ክሊኒክ። ኢንተርኔቱን ከዋይፋይ ይልቅ በኬብል አድርጉት፣ ጫጫታ የሚቀንስ ሄድሴትና በሩ የሚዘጋ ክፍል ያስፈልጋችኋል፣ እሱን ቀጣሪዎቹም ይነግሯችኋል። የማይነግሯችሁ ግን እኛን ሀበሾችን የሚጥለን ይሉኝታ መሆኑን ነው።

በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሰውዬ ጠበቃ ፈልጎ ደወለ። መኪና ገጭቶት ሆስፒታል ተኝቷል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ስልኩም የሆስፒታሉ ስለሆነ የሱ ቁጥር አይታየኝም። የሞባይል ቁጥሩን ሲነግረኝ መጨረሻው ላይ «ፊፍቲን» ይበል «ፊፍቲ» አልለየሁም። አንዴ አስደግሜዋለሁ አሁንም አልሰማሁም፣ እንደገና ልጠይቀው አፌ ላይ ደርሶ የታመመ ሰው እንዴት አደክማለሁ ብዬ 50 ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ጠበቃው ሲደውል ሌላ ሰው አነሳ። ያ ሰው ሌላ ጠበቃ ያግኝ አያግኝ እስከዛሬ አላውቅም፣ ድምፁ ግን ጆሮዬ ላይ አለ። ከዛ ወዲህ ቁጥር አንድ በአንድ ነው የማስነግረው፣ መልሼ ሳላነብለት አልዘጋም፣ ስም ከሆነም «ቢ እንደ ቦይ፣ ቪ እንደ ቪክተር» እያልኩ ፊደል በፊደል። በዚህ የተቆጣኝ ደዋይ አላስታውስም፣ እንደውም ብዙዎቹ አመስግነውኛል፣ በጥንቃቄ እንደተያዙ ስለሚሰማቸው ይመስለኛል።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፣ እኛ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «እህ» ብለን አዎ የምንለው ነገር። እሱን ፈረንጅ አያውቀውም፣ አንዷ ሴትዮ መሀል ላይ ንግግሯን አቁማ ደነገጥሽ እንዴ ደህና ነሽ ብላኛለች። አዎን በቃል በሉት። አክሰንታችሁን ግን ለመደበቅ አትድከሙ፣ ቀስ በሉ ብቻ።

ክሊኒክ ከያዛችሁ የበሽተኛ ምስጢር ጨዋታ አይደለም፣ እዚህ አሜሪካ ከ1996 ጀምሮ ሂፓ የሚባል ህግ አለ። ስም የጻፋችሁበትን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ጥላችሁ እንዳትነሱ፣ እህት ወንድምም ቢሆን ክፍሉ ውስጥ አይሁን። ደረቴን አመመኝ ትንፋሽ አጠረኝ የሚል ከመጣ ቀጠሮ መያዝ የለም፣ ዘግቶ ወደ ድንገተኛ እርዳታ ቁጥሩ 911 እንዲደውል ንገሩት፣ ከራሳችሁ ምክር አትጨምሩ።

የቤተሰብ ይሉኝታ ደግሞ ይብሳል። ቤት ካላችሁ ስራ ላይ ናችሁ ብሎ የሚያምን ዘመድ የለም። አንዴ እንግዶች መጥተው «አንቺ ስራሽን ስሪ እኛ እናፈላለን» ብለው ቡና ሲቆሉ የጭስ ማንቂያው ጮኸ፣ እኔ ባሏ የሞተባት ሴትዮ እያዋራሁ። ያን ቀን በጣም አፍሬ ማታ ሁሉንም ሰብስቤ በሩ ተዘግቶ ሳለ የለሁም ቁጠሩኝ አልኳቸው፣ ቅር ያለው ነበር፣ ለመዱት።

ከቀጣሪ ጋርም እንዲሁ፣ ስለ ብር መጠየቅ አትፈሩ። ክፍያው በሰዓት ነው ወይስ ስልክ ላይ ባወራችሁበት ደቂቃ ብቻ? በደቂቃ ከሆነ ቁጭ ብላችሁ የጠበቃችሁት ጊዜ ባዶ ነው። እዚህ አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ደብልዩ ቱ (ግብሩን ቀጣሪው የሚቆርጥላችሁ ተቀጣሪ) ነው ወይስ ቴን ናይንቲ ናይን (በራሱ የሚሰራ ኮንትራክተር) በሉ፣ በቴን ናይንቲ ናይን ከሆነ ከኢንካም ታክሱ ሌላ 15.3 ፐርሰንት የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር፣ ማለት የጡረታና የአረጋውያን ህክምና መዋጮ፣ ራሳችሁ ናችሁ የምትከፍሉት። እቃ ግዙበት ብሎ ቼክ ልኮ የተረፈውን መልሱልኝ የሚል ካጋጠማችሁ ሌባ ነው። ብሩ አካውንታችሁ ላይ በማግስቱ ሊታይ ይችላል፣ ቼኩ ውሸት መሆኑ የሚታወቀው ግን ከሳምንታት በኋላ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ እዳው የናንተ ነው።

ሀገር ቤት ላላችሁ የሰዓቱን ነገር ልብ በሉ። የኒውዮርክ ቢሮ በነሱ 9 ሰዓት ሲከፍት እናንተ ጋ በክረምታቸው ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፣ በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰዓታቸውን ሲቀይሩ 10 ይሆናል፣ በጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ተመልሶ 11። ይሄን ረስቶ አንድ ሰዓት አርፍዶ የገባ ጎበዝ ልጅ አውቃለሁ። መብራት ሲጠፋ የሚይዝላችሁ ባትሪና የሞባይል ዳታም አዘጋጁ።

የእህቴ ልጅ ሰኞ ትጀምራለች። አብራት ለምትኖረው እናቴም ደውዬ ልጅቷ ከ10 ሰዓት በኋላ ስልክ ላይ ናትና በሩን እንዳታንኳኪ አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ «እንግዲያው ቡናውን በ9 ሰዓት አፈላዋለሁ» አለችኝ።