«ክራውድ»፣ «ሞብ» እና «ሆርድ» ሁሉም «መንጋ» ናቸውን?

ጥያቄ፦ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ። «ክራውድ»፣ «ሞብ»፣ «ሆርድ» እና «ሚሪያድ» የሚሉትን ቃላት አንዳንድ ባልደረቦቼ በጅምላ «መንጋ» ይሏቸዋል፤ እኔ «ሕዝብ» እላለሁ። የትኛችን ነን ትክክል? ደግሞስ «ሕዝቡ ወጣ» ነው ወይስ «ሕዝቡ ወጡ»?

መልስ፦ ሁለታችሁም አልፎ አልፎ ትክክል ናችሁ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ትስታላችሁ። ከጠቀሷቸው ቃላት የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን የሚለያያቸው የሰዉ ብዛት ሳይሆን ጸሐፊው ለተሰበሰበው ሰው ያለው ስሜት ነው። አንድ ሺህ ሰው አደባባይ ቢወጣ፣ ሁኔታውን ገለልተኛ ሆኖ የሚመለከት ሰው «ክራውድ» ይለዋል፤ የፈራው ወይም የናቀው «ሞብ» ይለዋል፤ ቁጥሩ ግን ያው አንድ ሺህ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው ከቃሉ አቻ በፊት በቃሉ ውስጥ ያለውን ፍርድ መፈለግ አለበት።

ሁለቱ ቋንቋዎች ይህን ፍርድ የሚያስቀምጡበት ቦታም የተለያየ ነው። እንግሊዝኛ በስሙ ላይ የሚጭነውን አማርኛ አዘውትሮ በግሡ ላይ ይጭነዋል። እኛ ለልዩ ልዩ ስብስብ ልዩ ልዩ ስም ከመደርደር ይልቅ «ሕዝብ» ወይም «ሰው» ብለን እንጀምርና አዳራሹን በሰው ጢም ብሎ እንዲሞላ፣ ከተማውን ነቅሎ ወይም ግልብጥ ብሎ እንዲወጣ እናደርገዋለን። «ሕዝቡ ወደ አደባባዩ ተመመ» ሲባል ግርማ አለበት፤ «ጎረፈ» ሲባል ብዛቱና ኃይሉ ይታያል፤ «ተርመሰመሰ» ዓላማ ማጣትን ያመለክታል፤ «ተንጋጋ» ግን ንቀት አለበት። «ክራውድ» በጥንታዊው እንግሊዝኛ መግፋትና መጫን ከሚል ግሥ የወጣ ስም ስለ ሆነ፣ «ሰዉ እየተጋፋ ቆሟል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከማንኛውም ነጠላ ስም ይልቅ ይቀርበዋል።

«ሞብ» ጠንቀቅ ያሰኛል። ቃሉ በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ «ሞቢሌ ቩልጉስ» ከሚል የላቲን ሐረግ ተቆርጦ የቀረ ነው፤ ፍቺውም «ተለዋዋጭ ተራ ሕዝብ» እንደ ማለት ነው። ደራሲው ጆናታን ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ1710 ቃሉ እንዳይስፋፋ ብዙ እንደ ታገለ ጽፎ ነበር፤ እንደምናየው አልተሳካለትም። በእኛ ዘንድ «የመንጋ ፍርድ» እና «የደቦ ፍርድ» የሚሉ ሐረጎች የእንግሊዝኛውን ሐሳብ ለመያዝ ገብተዋል። የመጀመሪያውን እቀበላለሁ፤ ሁለተኛውን ግን አልወደውም። ደቦ ጎረቤት ለጎረቤቱ ለእርሻ፣ ለአረም ወይም ለአጨዳ በተራ የሚረዳዳበት የፈቃድ ሥራ ስለ ሆነ፣ ስሙን ለሁከት መስጠት መልካሙን ቃል ያለ ጥፋቱ መቅጣት ነው። «ሁከተኛ ስብስብ» ወይም «ለሁከት የተሰበሰቡ ሰዎች» ብንል ምን ይጎድልብናል?

«መንጋ» ራሱም ቢሆን ሁልጊዜ ስድብ አይደለም። ለበግ፣ ለንብና ለአንበጣ ተራ መጠሪያ ነው፤ እረኛ ከጎኑ ሲኖርም በሃይማኖት ንግግር ምእመናንን በፍቅር ይጠራል። የሚያዋርደው እረኛ የሌለበትን ሰው ስንጠራበት ነው።

«ሆርድ» ከቱርክ ቋንቋዎች «ኦርዱ» የመጣ ሲሆን የጦር ሰፈር ወይም ሠራዊት ማለት ነበር፤ «ኡርዱ» የተባለው ቋንቋም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። በታሪክ ጽሑፍ «ወራሪ ጭፍራ» ሊባል ይችላል። ስለ አገር ጎብኚዎች በምፀት ሲነገር ግን «ጎብኚዎቹ ተግተልትለው መጡ» ይበቃል። «ጎልደን ሆርድ» የተባለው የሞንጎሎች መንግሥት «የወርቅ መንጋ» ተብሎ ከተተረጎመ ግን አንባቢው ስለ ከብት እንደሚነገረው ያስባል።

ለ«ሚሪያድ» ዝግጁ አቻ አለን፤ «እልፍ» ነው። የሁለቱ ጉዞ ያስገርማል። የግሪኩ ቃል ዐሥር ሺህ ማለት ነበር፤ በግእዝም «እልፍ» ዐሥር ሺህ ነው፤ ቁጥሩም ፼ ተብሎ ይጻፋል። (በዕብራይስጥና በዐረብኛ የሥጋ ዘመዱ አንድ ሺህ ብቻ ነው።) ሁለቱም ከቁጥርነት ወጥተው «ስፍር ቁጥር የሌለው» ወደሚል ፍቺ ተሻግረዋል።

የእንስሳት ስብስብ መጠሪያዎች የባሰ ወጥመድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1486 በእንግሊዝ አገር በታተመ የአደን መጽሐፍ ውስጥ ለየእንስሳቱ የተለያየ የቡድን ስም ተዘርዝሯል፤ ከእነዚህም አንዱ የቁራዎችን ስብስብ «መርደር» ይለዋል። ቃሉን በቁሙ «የቁራዎች ግድያ» ብሎ መተርጎም አስቂኝ ነው። የዓሣው «ስኩል»ም ከትምህርት ቤት ጋር ዝምድና የለውም፤ ጭፍራ የሚል ፍቺ ከነበረው ከሌላ ጀርመናዊ ሥር የወጣ ነው። ሁለቱም በአማርኛ «መንጋ» ናቸው፤ እዚህ ላይ ባልደረቦችዎ ረትተዋል።

ወደ ግሡ ቁጥር እንምጣ። የብሪታንያ ሰዎች ስለ አንድ ቡድን ሲናገሩ የቡድኑን አባላት ካሰቡ ግሡን ያበዙታል፤ አሜሪካውያን ግን በአብዛኛው በነጠላ ይተዉታል። «ፖሊስ» የሚለው ስም በሁለቱም ዘንድ ብዙ ግሥ ይዞ ይሄዳል። አማርኛ ይህን የመከተል ግዴታ የለበትም፤ «ፖሊስ ተጠርጣሪውን ያዘ» እንላለን። «ሕዝቡ ወጣ»፣ «ሠራዊቱ ዘመተ»፣ «ሰዉ ሁሉ ሄደ» የተለመዱትና የምመርጣቸው ናቸው። «ሕዝቡ ወጡ» በንግግርም በጽሑፍም ስለሚገኝ ስሕተት ነው አልልም፤ ይሁንና በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ሕዝቡ ወጥቶ ሲጨፍሩ አመሹ» ማለት አንባቢን ያደናቅፋል። አባላቱ የተለያየ ነገር ካደረጉ «የኮሚቴው አባላት በሐሳብ ተለያዩ» ብሎ «አባላት» የሚለውን ቃል ማስገባት ይሻላል። ከቁጥር ጋር «መቶ ሰው መጣ» እና «መቶ ሰዎች መጡ» ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ «መቶ ሰዎች መጣ» ግን አይባልም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ «በሺዎች የሚቆጠሩ ሕዝቦች ሰልፍ ወጡ» የሚለው አጻጻፍ ነው። «ሕዝቦች» በቋንቋ፣ በባህል ወይም በታሪክ የተለያዩ ብዙ ማኅበረሰቦች እንጂ ብዙ ግለሰቦች አይደሉም፤ በዓለም ላይ ያሉ ሕዝቦች በሙሉ ወኪል ካልላኩ በቀር እንዲህ ያለ ሰልፍ ሊኖር አይችልም። «በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች» ይባል።