ኦሞ ዳር ድንኳን ከመያዝሽ በፊት

እህቴ፣ «በታኅሣሥ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ከሜሪላንድ እመጣለሁ፤ ኦሞ ወንዝ ዳር ከካራ ማኅበረሰብ ጋር በአጋርነት ተዘጋጀ የተባለ የቅንጦት ካምፕ ለአራት ሌሊት ልንይዝ ነው። ዋጋው አስደነገጠን፤ ገንዘቡስ እውነት ለእነሱ ይደርሳል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ደቡብ ኦሞ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ያስጎበኘሁ ሰው ስለሆንኩ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ስለ ዋጋው ብዙ አልልም። ከቱርሚ ከተማ ወደ ካራዎቹ መንደር ወደ ዱስ የሚወስደው መንገድ መኪና ይጨርሳል፤ አልጋው፣ አንሶላው፣ ነዳጁ፣ እስከ ሽንኩርቱ ድረስ በዚያ መንገድ ተጭኖ ነው የሚገባው። ቆላው ከቀትር በኋላ አያስቀምጥም። እዚያ ቅንጦት ማለት የትልቅ ዛፍ ጥላ፣ ቀዝቃዛ የመጠጥ ውሃና ማታ ገላን የሚታጠቡበት አንድ ባልዲ ነው። ይህን በሥርዓት የሚያቀርብ ሰው ብዙ ቢያስከፍል አልፈርድበትም።

እኔን የሚያሳስበኝ «አጋርነት» የሚለው ቃል ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ከአንድ ድርጅት ጋር ስድስት እንግዶች ይዘን ወርደን፣ ወንዙ ዳር ካለ ሾላ ሥር ድንኳን ተከልን። የቀበሌ ፈቃድ ነበረን፤ ወረቀቱም ማኅተም አለው። በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። አልጮሁም፣ አልተቆጡም። ቦርኮቷቸው፣ ማለትም ይዘውት የሚዞሩት ትንሽ የእንጨት መቀመጫ ላይ ተቀመጡና በአስተርጓሚ «ይህ መሬት የማን ነው?» አሉን። የሚመልስ ጠፋ። ለካ የወጥ ቤቱን ድንኳን ካስማ የመታነው የአንድ ቤተሰብ የማሽላ ማሳ ላይ ኖሯል።

ካራዎች ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው ደለል ላይ ነው ማሽላ የሚዘሩት፤ የዳሩ መሬት እያንዳንዱ ቁራጭ በልማዳቸው ባለቤት አለው። ከላይ ወንዙ ላይ የተሠራው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ወንዙ እንደ ድሮው ስለማይሞላ ለዚያ መሬት ይበልጥ ይሳሱለታል። እንግዶቻችን በዶላር ከፍለው መጥተዋል፤ ለዚያ ቤተሰብ ግን አንድ ብር እንኳ አልታሰበም ነበር። ካስማውን ነቅለን ሽማግሌዎቹ ወዳሳዩን ቦታ ሄድን። የዚያን ቀን እፍረቴ ዛሬም አብሮኝ አለ።

ከዚያ በኋላ እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ከሽማግሌዎቹ ጋር ሳልነጋገር ወርጄ አላውቅም። ለእያንዳንዱ ድንኳን በአዳር የሚከፈለው፣ ጥበቃውና ጀልባ ቀዛፊው ማን እንደሚሆን፣ ገንዘቡን ማን ተቀብሎ ለማን እንደሚያካፍል፣ ሁሉም ሰው በተሰበሰበበት ይነገራል። በጨረስን ማግሥት ደግሞ ሒሳቡ እዚያው ሰው ፊት ይቆጠራል። ጊዜ ይወስዳል፤ አንዳንዴ ሁለት ቀን ሙሉ። ይህን ያላደረገ ሰው አጋር ነኝ ባይል ደስ ይለኛል።

የፎቶውንም ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ለአንድ ሰዓት መኪና የሚቆምበት መንደር ስትደርሺ ሰው ነጭ ቀለም ተቀብቶ ይሰለፋል፤ በአንድ ፎቶ ይህን ያህል ተብሎ ይከፈላል፣ እንግዳውም ባለቤቱም እንደ ገበያተኛ ይለያያሉ። ከፍለሽ አራት ሌሊት የምታድሪበት ትልቁ ጥቅም ከዚህ መውጣቱ ነው። እኛ የፎቶውን ክፍያ ለመንደሩ አንድ ላይ እንጨርሳለን፤ በመጀመሪያው ቀን ካሜራ አይወጣም። አንዲት እንግዳዬ ጎጆ ውስጥ ገብታ በቅል ሸፈሮ፣ ማለትም የተፈላ የቡና ገለባ፣ ስትጠጣ፣ የቤቱ እመቤት «እናትሽ አለች? አንቺ እዚህ ስትሆኚ ማን ይጠብቃታል?» ብላ ጠየቀቻት። እንግዳዬ መልስ ሳትሰጥ ብዙ ቆየች። ወደ ድንኳኗ ስንመለስም ስለ እናቷ ነበር የምታወራኝ።

ኬንያ ውስጥ የተሻለ አሠራር አይቻለሁ። ማሳይ ማራ አጠገብ ያለው ናቦይሾ የተባለ የዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራ በ2010 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ከ500 በላይ ማሳዮች መሬታቸውን አንድ ላይ አድርገው ለካምፖች አከራዩ። ባለመሬቱ ቋሚ ኪራይ ያገኛል፤ ስንት እንግዳ መጣ አይባልም፣ የድንኳኑም ቁጥር የተገደበ ነው። በእኛ አገር ግን በሕግ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ያንኑ ገልብጦ ማምጣት አይቻልም። ቢሆንም ለካራው ገንዘብ የሚደርሰው እንግዳ በመጣ ቀን ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል፤ ዝናብ በቀረበት፣ እንግዳም በጠፋበት ዓመት ምን ይበላል?

ስለ ልጆቹ፦ ታኅሣሥ ደረቅ ነው፣ ጥሩ መርጠሻል። ስለ ወባ መድኃኒት ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። ኦሞ ውስጥ አዞ ስላለ ዳሩ ድረስ እንኳ ብቻቸውን እንዳይወርዱ። ቅዳሜ ከዋለላችሁ የዲመካን ገበያ አሳዪያቸው፣ ይወዱታል። የሐመሮች ከብት ዝላይ ግን ቤተሰቡ በቆረጠው ቀን የሚደረግ ነው፤ «ቀኑን እናረጋግጥልሻለን» የሚልሽን ድርጅት አትመኚ። ከሄዳችሁም የሚዘለው ወጣት እህቶች ሲገረፉ እንደምታዩ ለልጆችሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

አሁን ካምፑን የሚያስይዙሽን ሰዎች አንድ ነገር ጠይቂያቸው፦ ካምፑ ላይ የሚያስተናግደንን የካራ ተወላጅ አስጎብኚ ስሙን ንገሩኝ፣ በስልክም አገናኙኝ በያቸው። ዱስ አካባቢ ኔትወርክ ስለሚቸግር ሁለት ሦስት ቀን ቢጠይቁሽ ታገሺ። አገናኝተውሽ ሰውየው ድንኳኑ የሚተከልበት ቦታ የማን እንደሆነ ከነገረሽ ክፈይ።